የእናትህ ብር ከየት መጣ?

ወገኔ፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከሪያድ ለእናትህ ስትልክ ባንኩን ትተህ ጥቁር ገበያ የምትሄደው ብር ይጨምራል ብለህ ነው። ሒሳቡን ግን እስከ ጫፉ አልሄድክበትም።

ዶላርህ አገር ቤት አይገባም። አንተ እዚያው ውጭ ላለው የጥቁር ገበያ ሰው 500 ዶላር ትቆጥርለታለህ፤ እሱ የእናትህን የሒሳብ ቁጥር አዲስ አበባ ላለው ሸሪኩ ይልካል፤ ሸሪኩም በእጁ ካለው ብር ያስገባላታል። ዶላሩ እዚያው ውጭ ይቀርና ለአስመጪ፣ ለኮንትሮባንዲስት ወይም ለሰው ነጋዴ ይሸጣል። ሸሪኩስ ብሩን ከየት አመጣው?

አንዱ ምንጭ ይኸውልህ። ሊቢያ፣ ባኒ ዋሊድ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ የታጎረ ልጅ እየተገረፈ ለቤተሰቡ ይደወላል። ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ፣ ፎቶ ዘርግቶ ለምኖ፣ በተነገረው የአገር ውስጥ ሒሳብ ብር ያስገባል። አጋቹ ግን የሚፈልገው ዶላር ነው። ያንተ ዶላር ለእሱ፣ የዚያ ልጅ ማስለቀቂያ ለእናትህ! ድንበር የተሻገረ ሳንቲም የለም፤ ዕዳው በዕዳ ተጣፍቷል።

«ይህ ከሽብር ጋር ምን አገናኘው?» ትል ይሆናል። አይኤስ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ባሰራጨው ቪዲዮ ሊቢያ ላይ ከተገደሉት ወገኖቻችን መካከል ወደ አውሮፓ ለመሻገር የወጡ የቂርቆስ ልጆች ነበሩበት። ሶማሊያ ውስጥም አልሸባብ በየኬላው ቀረጥ ይሰበስባል፤ ከከሰል ንግድ ያገኝ የነበረውን ገቢ ለማድረቅ የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከሰል ከሶማሊያ እንዳይወጣ አግዷል። የሰው ነጋዴውና አሸባሪው ዓላማቸው ለየቅል ነው፤ የሚያገናኛቸው ስም ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚያስተላልፍ የጥቁር ገበያ ከፋይ ነው። ከአዲስ አበባ ፍርድ ቤት በ2013 ዓ.ም. ያመለጠው የሰው ነጋዴ ኪዳኔ ዘካርያስ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ሲያዝም መርማሪዎች የተከተሉት የገንዘቡን ዱካ ነበር።

ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ልዩነቱ እንደ ድሮው እጥፍ ያህል አይደለም። ለዚያች ትርፍ ነው እንግዲህ! እናትህ ሒሳብ ላይ የገባው ብር በማታውቀው ሰው ስም፣ በየጊዜውም በሌላ ስም ከሆነ፣ የተከራየ ሒሳብ መሆኑን ጠርጥር። አንተም መታወቂያህንና የባንክ ደብተርህን ለጥቂት ብር የምታከራይ፣ ምርመራው መጀመሪያ የሚያንኳኳው ያንተን በር ነው።

ልጃችሁ የታገተባችሁ ቤተሰቦች፣ በእናንተ ላይ አንፈርድም። የተሰበሰበውን መጠን ግን በቲክቶክ አታውጁ፤ አጋቹም ያያል፣ ዋጋውንም ይጨምራል። ከፍላችሁም ልጁን ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ ሊሸጠው እንደሚችል እወቁ። የደወለበትን ቁጥርና ሰዓት፣ የሒሳቡን ቁጥር፣ የባለሒሳቡን ሙሉ ስምና ባንኩን ጽፋችሁ፣ የከፈላችሁም ደረሰኙን ይዛችሁ፣ በዚያው ቀን ለፌዴራል ፖሊስና ለባንኩ አስታውቁ። ብሩ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ ስለሚበተን ማግስቱን አትጠብቁ።