ከ70 በኋላ ከባዱን መኪና ማን ይንዳ?

እንግሊዝ አገር ጡረታ የወጣ ሰው ሞተርሆም ይወዳል። አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው። ባልና ሚስት ሆነው በጋውን ስኮትላንድ ይከርሙበታል፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ ስፔን ይወርዳሉ።

ታዲያ መኪናው ከነሙሉ ጭነቱ የተፈቀደለት ክብደት ከ3,500 ኪሎ ካለፈ ተራ መንጃ ፈቃድ አይበቃም። እስከ 7,500 ኪሎ የሚያስነዳው ሲ1 የሚባለው ምድብ ያስፈልጋል። በፈረንጆቹ 1997 ከመግባቱ በፊት የመኪና ፈተና ያለፈ ሁሉ ይህን ምድብ ያለ ተጨማሪ ፈተና አግኝቷል። ስለዚህ ትልልቆቹ አላቸው፤ ልጆቻቸው ግን ተፈትነው ካላወጡት የላቸውም።

ጣጣው የሚመጣው 70 ሲሞላ ነው። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ያልፍበታል፤ ከዚያ ወዲያ ቢበዛ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ለትንሿ መኪና ነገሩ ቀላል ነው። ክፍያ የለም፣ ሐኪም የለም። ሰውየው ጤናውና ዓይኑ ደህና መሆኑን ራሱ ያረጋግጣል፤ አለቀ። ሲ1ን ላቆይ ካለ ግን ዲ4 የሚባለውን ቅጽ ሐኪም መሙላት አለበት። የደም ግፊቱ ይለካል። ስለ ልብ፣ ስለ ስኳር፣ ስለሚጥል በሽታ፣ ስለ እንቅልፍ ችግር ይጠየቃል። ዓይኑም ለተራ አሽከርካሪ ከተቀመጠው በጠበቀ መስፈርት ይታያል። ወጪው ከራሱ ኪስ ነው። ይህን ሳያውቅ በኢንተርኔት ያደሰ ሰው ሲ1 ከካርዱ ላይ ይወርድበታል፤ ሞተርሆሙም ደጅ ቆሞ ይቀራል።

አንዳንዶች ምርመራውን ሽሽት የመኪናውን የተፈቀደ ክብደት በወረቀት ወደ 3,500 ያስወርዳሉ። እኔ አልመክርም። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ጋዙ፣ ብስክሌቱ፣ ስንቁ ሲጨመር ከልክ ማለፍ ቀላል ነው፤ ከልክ በላይ መጫን ደግሞ ያስቀጣል።

ጉዳዩ የእኛንም ሰዎች ይነካል። በደርግ ዘመን ተሰደው የመጡት፣ ከ1997 በፊት ፈተና ያለፉት፣ አሁን 70 እየደፈኑ ነው። ሞተርሆም ባይኖራቸውም በቤተ ክርስቲያን ጉዞ የሚኒባሱን መሪ የሚጨብጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ያለ ክፍያ እስከ 16 መንገደኛ ማጓጓዝ የሚፈቅደው ዲ1 ምድብም 70 ላይ ያለ ሐኪም ቅጽ አይቀጥልም። ሕጻናት የሚጫኑበት መኪና ነውና ቀላል ነገር አይደለም።

ለከባዱ መኪና ሐኪም መጠየቁ ትክክል ነው እላለሁ። የማይገባኝ ለትንሿ መኪና በሰውየው ቃል ብቻ መተማመኑ ነው። በ2025 በላንክሻየር፣ ዓይናቸው የደከመ አሽከርካሪዎች የገጯቸውን 4 ሰዎች አሟሟት ያጣሩት የአካባቢው ኮሮነር (የሞት ምክንያት የሚመረምር ሹም) አሠራሩ ለደኅንነት እንደማይበጅ በግልጽ ተናግረዋል።

አገር ቤት መንጃ ፈቃድ ሊያድስ የሄደ ሁሉ፣ ወጣትም ሽማግሌም፣ የጤና ምርመራ ይጠየቃል። እንግሊዞቹ ይህን ከእኛ ቢወስዱ ደስ ይለኛል፤ የዓይን ሰሌዳ ፊት መቆም ማንንም አያሳንስም። ግን ምርመራው የምር ይሁን። ማህተም ለማግኘት ብቻ የሚደረግ ከሆነ ከእንግሊዙ የቃል ማረጋገጫ በምን ይሻላል? እኛም ከእነሱ የምንወስደው አለ፦ ሲኖትራክ የሚይዝ ሰው ቪትዝ ከሚይዘው በጠበቀ መስፈርት ይታይ።

ደግሞ ለልጅ «አባዬ፣ መንዳት ይብቃህ» ማለት ይከብዳል። እኛ ቤት አባት እንዲህ አይባልም። ሐኪም ሲለው ግን ቅር እያለውም ቢሆን ይሰማል።

እዚህ ያላችሁ ልጆች፣ የእድሳቱ ማሳሰቢያ 70ኛው ልደት 90 ቀን ገደማ ሲቀረው ይመጣል። ሐኪሙ የፈረመበት ዲ4 የሚያገለግለው ለ4 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሰ ቀጠሮ ያዙላቸው፤ ቅጹንም አብራችኋቸው ሙሉ።