ቁልፉን ከመዝገቡ ጋር አታስቀምጡ

ሰርቨር፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ስለመከራየት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሰርቨር ከተከራያችሁ ጥበቃው የአከራዩ ሥራ ነው» ይላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። አከራዩ ሕንጻውን፣ መብራቱንና ማሽኑን ይጠብቃል፤ የእናንተን የይለፍ ቃል ግን አይጠብቅላችሁም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ቢሆን መረጃውን የሚሰበስበውን አካል ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የኮምፒውተር ሥራ እሠራለሁ። ሥራውን ስረከብ የአባላት ስም፣ ስልክና የብድር መጠን ያለበት የመረጃ ቋት ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ መፍቻ ቁልፍ እንዳይነበብ ተደርጎ፣ አገኘሁትና ደስ አለኝ። መፍቻ ቁልፉን ብፈልገው እዚያው ሰርቨር ላይ፣ እዚያው ማህደር ውስጥ፣ «ቁልፍ» የሚል ስም ተሰጥቶት ተቀምጧል! ከዚህ ወዲያ መመስጠሩ ለማን ነው?

አባቴ ጎተራውን ለአይጥ ብሎ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል፣ በጭቃና በእበት ይለስነዋል፣ ለዝናብ ይከድነዋል፣ ለሌባ ደግሞ ውሻ አለው። ውሻ አለኝ ብሎ ክዳኑን አይተውም።

እኛም ቁልፉን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርን፣ የመረጃ ቋቱ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት ዘጋን፣ መግቢያው ላይ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨመርን። መጠባበቂያ ቅጂው ለብቻው ይቀመጣል፤ በየወሩም እንደገና ጭነን እንሞክረዋለን፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ እቆጥረዋለሁ። ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን የመግቢያ መዝገብ ጠዋት ጠዋት አያለሁ፤ ከስርቆት በኋላ ቢከፍቱት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የቀረኝ ሒሳብ ሹማችን የይለፍ ቃላቸውን የጻፉበትን የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ማስነሳት ነው፤ ሁለት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ።