ጩኸቱን ብቻ ለሚሰሙ ሁሉ

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ለትንንሽ ልጆች የውጭ ቋንቋ በጨዋታ አስተምራለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ልጆቹንም እወዳለሁ። ያንገሸገሹኝ በመስኮት አጮልቀው አይተው የሚፈርዱት ትልልቆቹ ናቸው።

በር ይንኳኳል። «ይቅርታ መምህር፣ መምህር የሌለበት ክፍል መስሎኝ ነው።» አለሁ እኮ! መሀል ላይ ቆሜያለሁ! «ጉልበት» ስል ጉልበታቸውን፣ «ጆሮ» ስል ጆሯቸውን እየያዙ ነው፤ ያውም በማያውቁት ቋንቋ። አንዱ ተሳስቶ አፍንጫውን ይይዛል፣ ጓደኛውን አየት ያደርጋል፣ ቶሎ ያስተካክላል። ይሄ ነው እንግዲህ «ረብሻ» የተባለው። ጎረቤት ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳ ላይ አሥር ጊዜ እየተገለበጠ ነው፤ ገልባጮቹ ምን እንደሚገለብጡ አያውቁም። ግን ፀጥ ብለዋላ! ምስጋናው ለእነሱ ነው።

ማታ ደግሞ ወላጅ ደብተር ይገልጣል። ባዶ። «ዛሬ ምን ተማርክ?» «ተጫወትን።» አለቀ። በማግስቱ እጠራለሁ። ልጁ እኮ አልዋሸም። የ6 ዓመት ልጅ «የትዕዛዝ ግሦችን በእንቅስቃሴ ተለማመድን» እንዲል ነው የሚጠበቀው? በዚያው ቋንቋ «ዝለል» ቢሉት ሳሎን መሀል ዘሎ ያሳያቸዋል። ግን ማን ጠይቆት!

ነገሩ ደግሞ እኔ ትናንት የፈለሰፍኩት አይደለም። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ገና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትዕዛዝ እየሰሙ በአካል መፈጸምን የቋንቋ መማሪያ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ፈትሿል። ጃፓንኛና ሩሲያኛ ላይ ነው የሞከረው፤ ቀላል ቋንቋ መርጦ አይደለም። ዘዴው ቶታል ፊዚካል ሪስፖንስ ይባላል። መነሻው ሁላችንም ቤት የምናየው ነገር ነው። ሕፃን አፉን ሳይፈታ «ና»፣ «እንካ»፣ «ተው» ሲባል ይገባዋል፤ በሰውነቱ ይመልሳል። ንግግሩ ቆይቶ ይመጣል። እኔም ክፍል ውስጥ ልጅን «ተናገር! ተናገር!» ብዬ አላስጨንቅም። አፉን ያልከፈተው ልጅ ተነስቶ በሩን ከነካልኝ «በር» ምን እንደሆነ ያውቃል። ለዚያ ሳምንት ይህ ይበቃዋል።

ቆይ ግን፣ ጨዋታ ወዳዶቹንም አልምራቸውም። እነዚህኞቹ ደግሞ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጆች ሲሮጡ፣ ሲስቁ፣ ሲጮሁ ቀርፀው «ደስ የሚል ክፍል!» ብለው ይሄዳሉ። ምን ቋንቋ ሰሙ? ምን አሉ? እሱ አይጠየቅም። የወንበር ዙሪያ ሩጫ አሠራሩ አንድ ሙሉ ዘፈን፣ ግፊያ፣ አንድ ለቅሶ ነው፤ ቃል ግን የለበትም። ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ሁለት ልጆች እየተሽቀዳደሙ በዝንብ መምቻ የሚመቱበትም አለ። ለሁለቱ ግሩም ነው። የቀሩት 38ቱ ምን ያድርጉ? ይቆሙና ይገፋፋሉ። ከዚያ «ልጆቹ ረባሾች ናቸው» ይባላል። ሥራ ፈት ያደረግናቸው እኛ!

ከሁሉ በላይ ደሜን የሚያፈላው ግን የተሳሳተ ልጅ የሚወጣበት ጨዋታ ነው። ሳይመን ሴይስ የሚባለውን የትዕዛዝ ጨዋታ ውሰዱት። ከትዕዛዙ በፊት «ሳይመን እንዲህ ይላል» ሳይባል የተንቀሳቀሰ ይወጣል። ማን ነው ቀድሞ የሚወጣው? ቋንቋው ያልገባው ነዋ! ልምምዱ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ሲያይ፣ ድሮም የሚያውቁት ሦስት ልጆች እስከ መጨረሻው ይለማመዳሉ። ይሄን ያሰበ ሰው እስቲ ያስረዳኝ። እኔ ጋ የሳተ አይወጣም። ቀጣዩን ትዕዛዝ እሱ ይሰጣል። ትዕዛዝ ለመስጠት ደግሞ ቃሉን ማለት አለበት፤ ሳይታወቀው ያስታውሰዋል። (ሆን ብለው የሚሳሳቱ ተፈጥረዋል። አውቃለሁ። ይሁን።)

ሕጉን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሩብ ሰዓት የሚያስረዱም አሉ። ጨዋታው 5 ደቂቃ፣ ማብራሪያው 15! ሁለት ልጅ አስነስቶ አንዴ ማሳየት ነው። ካልገባቸው ጨዋታው ለእድሜያቸው ከብዷል ማለት ነው።

ሌላው ዝላይ ላይ ማቆም ነው። ልጆችን አስፈንድቆ፣ አስጩኾ፣ ደወል ሲደወል ለቀጣዩ መምህር ማስረከብ ግፍ ነው። ሰውየው በእኔ ቢናደድ አይፈረድበትም። የሚያነቃቃ ጨዋታ ካለ የሚያረጋጋም አለ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ዓይን ጨፍነው ትዕዛዙን በሹክሹክታ ይሰሙታል፤ ወይም የምለውን ይስላሉ፤ ትልቅ ራስ፣ ሦስት ዓይን፣ ትንሽ እግር። ያቺን ሥዕል ደግሞ ደብተር ላይ እንዲለጥፏት አደርጋለሁ። ለወላጅ ስል። አልደብቅም።

እንግዲህ ፀጥታ ፈላጊውም ቪዲዮ ቀራጩም አንድ ነገር ነው የሚሰሙት፤ ጩኸቱን። አንዱ ይጠላዋል፣ አንዱ ይወደዋል። ክፍል ገብቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንዲት ዝምተኛ ልጅ መርጦ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ቋንቋውን ሰማች፣ ስንት ጊዜ መለሰች፣ ስንት ጊዜ በአፏ ተናገረችው ብሎ የቆጠረ አንድ ሰው አላየሁም። ይምጣና ይቁጠር። ጨዋታዬ እዚያ ላይ ከወደቀ ራሴ እጥለዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስብሰባ ተጠርቶ ውሳኔ ተላለፈ። ጨዋታ አልተከለከለም፤ «ሥርዓት እንዲይዝ» ነው የተፈለገው። ከእንግዲህ የሚፈቀደው አርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ፕሮግራሙን አውጥቼ አየሁት። አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው።