ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ በተለይ እናንተ የሰፈሬ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይላችሁም። እኔንም ደስ አላለኝም። ግን ሰባት ወር ሆዴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ፤ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

ስማቸውን አልጠራም። ልጆቹ «ጋሽ አኮርድዮን» ነበር የሚሏቸው። በወጣትነታቸው በወታደር ኦርኬስትራ ተጫውተዋል። ጡረታ ሲወጡ እዚሁ ሰፈራችን አንዲት ክፍል ተከራዩና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች መሰብሰብ ጀመሩ። አንድ አሮጌ አኮርድዮን፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ። ያላቸው ያ ነው። ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም። የሚቆጡት እጁን ሳይታጠብ የመጣ ልጅ ላይ ብቻ ነበር። በበሩ ሳልፍ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ «ትዝታን ሳትጨርሱ ባቲ ባቲ አትበሉብኝ!»

አምና አከራያቸው ኪራዩን ከ4 ሺህ ወደ 9 ሺህ ብር ሰቀለው። ጡረታቸው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ያኔ ነው ወደ እኛ የመጡት።

እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድር ቤት ተሰብስበናል። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቷል። ጋሽ አኮርድዮን ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። የልጆቹን ስም በደብተር ጽፈው መጥተዋል፤ 14 ልጆች። አንድ በአንድ ከነአባታቸው ስም አነበቡ። ግማሾቹ አባቶች እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የጠየቁት የጭማሪውን 5 ሺህ ብር ለአንድ ዓመት እንድንሸፍንላቸው ነው። በጠቅላላው 60 ሺህ ብር። የእድራችን አባላት 300 አባወራ ነን። ለአንድ ቤት በወር 17 ብር አይሞላም። በ17 ብር ዛሬ ማኪያቶ የሚያጠጣችሁ ካለ ንገሩኝ።

መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «የእድሩ ደንብ ስለ ሞት እንጂ ስለ ዘፈን አይልም» አለ። ሰው ሳቀ። ሌላው ቀጠለ፤ «ሙዚቃ ዳቦ አይሆንም።» ሌላዋም፣ «ልጆቹ ሒሳብ ቢያጠኑ አይሻልም?» አለች። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ወንበሮች ጎድለዋል፣ ገና ብዙ አጀንዳ አለ።

ጋሽ አኮርድዮን ደብተሩን አጠፉት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ደፉ። እኔ ምን አደረግሁ? ብዕሬን አንስቼ፣ «ጥያቄው ከደንቡ ውጭ በመሆኑ ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር። የእጄ ጽሕፈት ደግሞ ያምራል።

በወሩ ክፍሏን ለቀቁ። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ወደምትኖር የእህታቸው ልጅ ሄዱ። ዕቃው ቦታ ስላልነበረው ለጊዜው አከራዩ ጋ ቀረ። ልጆቹ ሁለት ሦስት ቅዳሜ በሩ ላይ ሲቆሙ አየኋቸው። ከዚያ ተዉት።

በስምንተኛው ወር ሞቱ።

እዚህ ላይ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ጥሩምባው ሲነፋ ይህ ሰፈር እንዴት እንደተነሣ! ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ተተከለ። በቴሌግራም መዋጮ ተጠራና በሁለት ቀን 140 ሺህ ብር ገባ። አዎ፣ 140 ሺህ! ፎቷቸው በትልቁ ባነር ታተመ። «የጥበብ አባት» ተባለ። ፎቷቸው ያለበት ቲሸርት ተሠራ። ያ «ስለ ዘፈን አይልም» ያለው ሰው ሳይቀር ለብሶት ነበር። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ማን መሰላችሁ? እኔ። «ለሰፈራችን ልጆች ዕውቀታቸውን ሳይሰስቱ» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሐዘን መሰለው። እፍረት ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ደብተሩ ላይ ስሙ ሦስተኛ የነበረ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አኮርድዮኑ የት ሄደ?» አለኝ። ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት። ጠየቅሁ። አከራዩ ክፍሉን ለሌላ ሲያከራይ ዕቃውን ለልዋጭ ሰጥቶታል። አኮርድዮን፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ሁሉም በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ። ሳፋዎቹን አይቻቸዋለሁ። አንዱ ሰማያዊ ነው። በለቅሶው ሰሞን እንግዳ እጁን ይታጠብበት ነበር።

ለልጁ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

እናንተ ሰዎች፣ ገንዘብ የለንም አትበሉኝ። ሰው ስንቀብር የማናጣውን ገንዘብ ሰው ሲያስተምር ከየት አጣነው? ሠርግ ላይ ድሮን እያስነሣን፣ አዝማሪ ቤት ገብተን ስማችን በግጥም ሲነሣ ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን! ስማችን ካልተነሣ ኪሳችን አይከፈትም ማለት ነው? አንድ አንጋፋ ተዋናይ ሲታመም የባንክ ሒሳብ ቁጥር በየፌስቡኩ እናዞራለን። ደግ ነው፤ አልነቅፍም። ግን ሰውየው በጤናው መድረክ ላይ ሳለ ትኬት ቆርጠን ገብተናል? «ነፃ መግቢያ የለም ወይ?» ስንል ነው የኖርነው።

መንግሥት ይሥራው የምትሉም አላችሁ። ይሥራ፤ ማን ከለከለው። ግን ሀገር ፍቅር ቴአትር እኮ በ1927 ዓ.ም. ሲጀምር ማኅበር ነበር። ጣልያን በር ላይ ቆሞ ሰው የሚሰባሰብበትና የሚነቃበት ማኅበር። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አምሃ እሸቴ የሚባል የከተማችን ወጣት ነጋዴ፣ የሙዚቃ ሸክላ ማሳተም ለግለሰብ ባልተፈቀደበት ዘመን ደፍሮ ገባበት። ነጋዴ ነውና ትርፍም አስቦ ይሆናል። ይሁና! ዛሬ ፈረንጅ የሚደነቅባቸው ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ዘፈኖች የተረፉት በእሱ ሸክላ ነው። እነዚያንም ሸክላዎች ቆይቶ ለቅሞ ለዓለም ያሰማልን ፈረንሳዊ ነው። አሁንም ሥዕል ለማየትና ኮንሰርት ለመስማት ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የምንሄደው ወደ ፈረንሳዩ አሊያንስ፣ ወደ ጀርመኑ ጎተ፣ ወደ ጣልያኑ የባህል ተቋም ነው። ይስጣቸው። ግን የጀርመን ግብር ከፋይ ለአዲስ አበባ ልጅ መድረክ ሲያዘጋጅ እኛ 17 ብር መንፈጋችን አያሳፍርም?

ብዙ ተቆጣሁ። የምቆጣው ግን ለራሴ ነው። አንዱ ሲቀልድ፣ ሌላው ሲስቅ እኔ ምንም አላልኩም። እጄን አውጥቼ «ቆይ እስቲ፣ ደንቡ በእኛ የተጻፈ አይደለም ወይ? እናሻሽለው» ለማለት አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ጸሐፊ ነኝ፤ ደንቡን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። አንቀጽ 19 በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሻሻል ይቻላል ይላል። አውቅ ነበር። ረፍዶ ስለነበር፣ ምሳም ስላልበላሁ ዝም አልኩ። ይኸው ነው ምክንያቱ። ሌላ የተሻለ ምክንያት ባገኝ ደስ ባለኝ።

እና አሁን ምን ልበላችሁ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። አዳራሽ ሥሩ፣ ሙዚየም ክፈቱ አላልኩም። እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ማኅበር አለን። ገንዘብ ማዋጣት ማንም አያስተምረንም። በየወሩ ከምናዋጣው ላይ 20 ብር ጨምረን ለልጆቹ አንዲት ክፍልና ጥቂት ዕቃ እንያዝ ነው የምለው። የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። ወይም ይጠፋል፤ አላውቅም። ያኛው ሰው ግን ጠፍቷል።

ያ ልጅ አሁንም አለ። ትናንት ሱቅ በራፍ ላይ ቆሞ በለስላሳ ሳጥን ላይ በጣቶቹ ሲጫወት አየሁት። ግራ እጁ እንደ አኮርድዮን ወደ ውጭ ይሳባል፣ ይመለሳል። ሲያየኝ አቆመ።

የፊታችን እሑድ ስብሰባ አለን። የደንብ ማሻሻያውን ጽፌ አስገብቻለሁ። አምና ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው የጻፍኩት። አጀንዳው ስድስተኛ ተራ ላይ ነው የተያዘልኝ፤ ከድስት ግዢ ቀጥሎ። ሁልጊዜ አራተኛው ላይ ስንደርስ ሰው መውጣት ይጀምራል። እባካችሁ፣ የዛሬን ስድስተኛው እስኪደርስ ቁጭ በሉልኝ። ምሳ እኔ አበላለሁ።