ዋናውን ያላየ ተመልካች

«ዘ ሲምፕሰንስ» የተሰኘው የአሜሪካ የካርቱን ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) የሌሎችን ፊልሞችና መጻሕፍት እየተዋሰ መቀለዱ ጥንካሬው ነው ወይስ ድክመቱ በሚለው ነገር ላይ ሦስት የማውቃቸው ሰዎች ሲከራከሩ ነበር። ጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የኖረ በመሆኑ፣ የተባባሉትን ከራሴ ፍርድ ጋር ጽፌዋለሁ።

ነገሩን ያነሣው አሜሪካ ያደገው ወጣት ነው። በእሱ አስተያየት፣ አባትየው ሆመር፣ ሚስቱ ማርጅና ልጆቻቸው ባርትና ሊሳ የሚታዩበት፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲታይ የኖረው ይህ ዝግጅት ዕድሜውን ያረዘመው ከገዛ ከተማው ከስፕሪንግፊልድ እየወጣ ወደ ምናብ ዓለም ስለሚሻገር ነው፤ በየዓመቱ ሃሎዊን ለሚባለው የአስፈሪ ነገሮች በዓል የሚቀርቡት አጫጭር ታሪኮችም ለዚህ ዋና ማሳያ ናቸው። «ሆመርን ዘንዶ ፊት ብታቆሙትም ያው ሆመር ነው፤ ደስታው እዚያ ላይ ነው» አለ።

ትልቅ ሰው ሆና ወደ አሜሪካ የሄደችው ጓደኛችን ወዲያው ተቃወመችው። «አንተ የምትስቅበት ፊልም እኔ ከመምጣቴ በፊት ታይቶ ያለፈ ነው። ብጠይቅህ ታብራራልኛለህ፤ ማብራሪያው ሲያልቅ ግን ቀልዱም አብሮ አልቋል። አንድ ቀልድ እንዲገባኝ አስቀድሜ ሌላ ፊልም ማየት ካለብኝ፣ ያ ለእኔ ፈተና መቀመጥ ነው» አለችው።

ወጣቱ በ1990 እ.ኤ.አ. የቀረበውን የመጀመሪያውን የሃሎዊን ክፍል ጠቀሰላት። በዚያ ክፍል አሜሪካዊው ገጣሚ ኤድጋር አለን ፖ በ1845 ያሳተመው የቁራው ግጥም በተዋናዩ ጄምስ ኧርል ጆንስ ድምፅ ይነበባል፤ ሆመር የሚወዳትን ሴት በሞት የተነጠቀው ሰው ሆኖ፣ ማርጅ በግድግዳ ላይ ሥዕል ሆና፣ ባርት ደግሞ ቁራ ሆኖ ይታያሉ። ቁራው የግጥሙን ቃል ትቶ የባርትን የተለመደ ስድብ ሲናገር፣ ሊሳ ግጥሙን አታበላሽ ብላ ትቆጣዋለች። «ያን ጊዜ ፖ የሚባል ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ ወጣቱ። «ግን የግጥሙ ምት ያዘኝ። ትምህርት ቤት መምህራችን ግጥሙን ስታነብልን፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቀድሞ የገባኝ ለእኔ ነው።»

እስከዚህ ዝም ብለው ያዳመጡት በዕድሜ የገፉት ሰው ይህን አመስግነው፣ የ2017 እ.ኤ.አ.ውን የ29ኛ ምዕራፍ መክፈቻ ግን እንዲያስብ ጠየቁት። በዚያ ክፍል ቤተሰቡ የመካከለኛው ዘመን ገባር ሆኖ ይቀርባል፤ የማርጅ እናት ቀስ በቀስ ወደ በረዶ ትለወጣለች፤ አስማትና ዘንዶም አይጎድልም። ብዙው ነገር በዚያ ወቅት ዓለም ሲከታተለው ከነበረው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የተቀዳ ነው። «ልጄ፣ ልብሱንና ዘንዶውን ከላዩ ብታነሣለት ምን ይቀራል? ያወቀው ተመልካች አወቅሁት ብሎ ይደሰታል፤ ደራሲውም ሳይደክም ጭብጨባ ያገኛል» አሉት። ወጣቱ «ጋሼ፣ በእርስዎ መለኪያ ማንም የሌላውን ሥራ መንካት አይችልም ማለት ነው» ብሎ ቢሟገትም፣ ለጥያቄያቸው ቀጥተኛ መልስ አልሰጠም።

እኔ ፓሮዲን፣ ማለትም የሌላውን ሥራ አስመስሎ መቀለድን፣ ለመዳኘት የሚበቃው ዋናውን ሥራ ያላየው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ዋናውን የሚያውቅ ተመልካች የሚስቀው በቀልዱ ይሁን በገዛ ዕውቀቱ ተደስቶ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ የማያውቀው ግን ከፊቱ ከሚታየው በቀር የሚስቅበት ነገር የለውም። ስለዚህ የጓደኛችን ቅሬታ ከወጣቱ ፍቅር ይልቅ ለዝግጅቱ ይጠቅማል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የቀረበውና በስታንሊ ኩብሪክ የ1980 አስፈሪ ፊልም ላይ የተሠራው አጭር ታሪክ ይህን ፈተና ያልፋል። በኩብሪክ ፊልም ሚስት ባሏ ሲተይብ የሰነበተውን ወረቀት አገላብጣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተደጋግማ ስታገኝ፣ አእምሮው እንደተናጋ ትረዳለች። በካርቱኑ ማርጅ በታይፕ መጻፊያው ላይ የምታገኘው ወረቀት ደኅና ነኝ የሚል ስለሆነ እፎይ ትላለች፤ ወዲያው መብረቅ ሲበርቅ ግን ቴሌቪዥንና ቢራ በማጣቱ ሆመር እንደሚያብድ የሚናገር ጽሑፍ ግድግዳውን ሁሉ ሞልቶት ታያለች። ኩብሪክን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሆመር ያለ ቢራና ያለ ቴሌቪዥን ምን እንደሚሆን ስለሚገምት ይስቃል፣ ትንሽም ይደነግጣል። ፊልሙን ያየው ደግሞ ወረቀቱ የተገለበጠ ቀልድ መሆኑ ስለሚታወቀው በላዩ ሌላ ደስታ ይጨመርለታል፤ ከማያውቀው ተመልካች ግን ምንም አልተነጠቀም።

ሌላው ማስረጃዬ በ1993 እ.ኤ.አ. የቀረበው፣ የማርቲን ስኮርሴዚን «ኬፕ ፊር» የተባለ ፊልም የሚከተለው ክፍል ነው። ከዚያ ክፍል ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው ባርትን ሊገድል የሚያሳድደው ሳይድሾው ቦብ መሬት ላይ የተበተኑትን ባለ ጥርስ የቅጠል መጥረጊያዎች እየረገጠ እጀታቸው ፊቱን ደጋግሞ ሲመታው ነው፤ ይህ ቀልድ ደግሞ ክፍሉ በጊዜ ስላጠረ ሰዓት እንዲሞላ የተራዘመ እንጂ ከስኮርሴዚ የተወሰደ አይደለም። አዘጋጆቹ የሚያስመስሉት ነገር ባጠራቸው ጊዜ ወደ ገጸ ባሕርያቸው ተመለሱ፤ እሱም አላሳፈራቸውም።

በምናብ ዓለም ፓሮዲ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ሆመር ከቤቱ፣ ከሥራ ቦታውና ከሞ መጠጥ ቤት ተለይቶ በቤተ መንግሥትና በዘንዶ መካከል ሲቆም፣ ተመልካቹ የሚያውቀው አንድ ነገር ጠባዩን ብቻ ነው። የቁራው ታሪክ ይህን ስለተረዳ የባርትን ብልግናና የሊሳን ቁጡነት እንዳሉ አስገባቸው፤ በመጨረሻም ባርት ይህ ምኑ ያስፈራል ሲል፣ በፍርሃት እንቅልፍ ያጣው አባትየው ሆመር ሆነ። የ2017ቱ ክፍል ለገባርነቱና ለበረዶው ያወጣውን ያህል ትኩረት ለሰዎቹ ቢሰጥ ኖሮ የጋሼን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ባልጠፋ ነበር።

ጓደኛችን የኩብሪክን ፊልም እስካሁን አላየችም። እኔም ከፊልሙ በፊት የ1994ቱን ክፍል እንድታይ መክሬያታለሁ፤ ፊልሙን አስቀድማ ካየች ከመካከላችን በቀልዱ ላይ ሊፈርድ የሚችል ሰው አይኖርም።