ማድረቂያው ውስጥ የቀረው ጥጥ

ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት አዛውንት እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። አልጋቸው ላይ እናታቸው በእጃቸው የሰፉት ኩዊልት የሚባል የአልጋ ልብስ አለ። ከላይ የተቀጣጠለ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መሐሉ ጥጥ፣ ከሥሩ ገበር፤ ሦስቱን አንድ ላይ የያዘው የመርፌ ስፌት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ይዤው ስሄድ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ነጭ ጨርቅ አርሰው ቀዩን ቁራጭ ጫን ጫን አደረጉት። ቀለም ከለቀቀ ውኃ አይነካውም። አልለቀቀም። ገንዳ ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃና በትንሽ ለስላሳ ሳሙና ነከርነው። አይፈተግም፣ አይጠመዘዝም። ስናወጣውም በአንሶላ አቅፈን ነው፤ ውኃ የጠጣ ጥጥ ስለሚከብድ በአንድ ጫፍ ከጎተቱት ስፌቱ ይበጠሳል። ለዚህም ነው ገመድ ላይ የማይሰጣው። ጓሮ ሣሩ ላይ አንሶላ አንጥፈን ዘረጋነው፤ ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው ከላይም ሌላ አለበስነው።

ሣር ላይ ተዘርግቶ ሳየው ሆዴ ባባ። እናቴም ጋቢ የምታሰጣው እንዲሁ ነበር፤ ወንዝ ወርዳ፣ በእግሯ ቀስ እያለች ረግጣ። አያቴ ደግሞ በእንዶድ። ያ እንዶድ ቀላል ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ፣ ሰው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በቀንድ አውጣ በኩል በሚተላለፈው በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ያደረጉት ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው።

እኔ ግን ከአገር ስወጣ እናቴ የሰጠችኝን ጋቢ በሙቅ ውኃ በማሽን አጠብኩት፤ ማድረቂያም ውስጥ ከተትኩት። አጥሮ፣ ጥለቱ ተጨማዶ ወጣ። ማጣሪያው ላይ ነጭ ብናኝ ተጋግሯል። እናቴ በእንዝርት የፈተለችው ጥጥ ነበር።

አላባማ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር፣ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ የሰፉት ኩዊልት እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ስሄድ የማየው ጋቢ ግን በረኪና ይደፋበታል፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ታጭቆ ሻንጣ ሥር ይገባል። በረኪና ክሩን ያሳሳዋል። ፌስታል እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፤ ስንት ቀን ተፈትሎ፣ ስንት ቀን ተሸምኖ!

በቅርቡ እናቴ ሌላ ጋቢ ላከችልኝ። በፌስታል ነው የመጣው። ወዲያው አውጥቼ ንጹሕ የትራስ ልብስ ውስጥ ከተትኩት። በየጥቂት ወሩ ዘርግቼ በሌላ መስመር አጥፈዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከታጠፈ ክሩ እዚያው ይሰበራል። ይህንም የነገሩኝ አዛውንቷ ናቸው።