ለቦያችን ወዳጆች ይድረስ

የአዲስ አበባ ሰው ለሰፈሩ ቦይ ግድ የለውም የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው። እንደኛ ለቦይ የሚጨነቅ የለም፤ በተለይ ሐምሌ ላይ።

በግንቦት፣ ቦዩ ደረቅ እያለ ማጽዳት የችኩል ሥራ ነው። ጨዋ ሰው ውሃው ኮብልስቶኑን እስኪነቅል ይታገሣል። ያኔ ቦቲ ጫማ ይጠለቃል፣ አካፋ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ደለሉ ይዛቃል። የት ይደረጋል? እዚያው ቦዩ አፍ ላይ፣ በወጉ ይቆለላል። ሩቅ ቢወሰድ እኮ ይከፋዋል። ማታ ዝናቡ ሲመጣ ጭቃው ሳይንገላታ ወደ ቤቱ ይገባል።

የቦዩ ሣርም አልተረሳም። ሣር ውሃውን ያዘገየዋል፣ አፈሩ እንዲመጠው ጊዜ ይሰጣል፣ ሥሩም ዳርና ዳሩን ይይዛል ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። ይበሉ። እኛ ሰርዶውን በዶማ ከሥሩ መንግለን ቦዩን መላጣ እናደርገዋለን። ከላይ ከላይ ማጨድማ ለሰነፍ ነው። የተራቆተው መረሬ በጥቂት ዝናብ ተንዶ ቦዩን ሲሞላው፣ አያችሁ፣ ሌላ ሥራ ተገኘ።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ባለመኪናውን ጎረቤታችንን ነው። በሩ ላይ የሚያልፈውን ሣራም ቦይ በኮንክሪት ደፍኖ መግቢያ ሠራ። ጨካኝ እንዳይባል ከሥር የክንድ ውፍረት ያላት ፒቪሲ አጋደመ። ጎርፉ እንደ ሰው ተሰልፎ ይለፍ ብሎ ነው። አንዲት ሃይላንድ ገባችና ሰልፉ ቆመ።

ውሃው ታዲያ የት ሄደ? ከታች እማማ ግቢ። ቧንቧቸው በፈረቃ እንኳ አልመጣ ብሎ ስንት ጄሪካን ሲደረድሩ ከርመዋል። ይኸው፣ ያለ ቆጣሪ ሳሎናቸው ድረስ ገባላቸው። ደግሞ ባዶውን አይመጣም። ዝናቡ ሲጀምር ጠብቀው ፌስታላቸውን ለጎርፉ አደራ የሚሰጡ ጎረቤቶች አሉን። ጎርፉ አደራ በላ አይደለም፤ እማማ ደጅ በሰላም ያደርሳል።

እማማም ቢሆኑ አይከፋቸው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ በጣም ዝቅ ይላል። በመሃል ያለን ሁሉ የምንልክለት የታች ጎረቤት አናጣም።

በቀደም ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «የተዛቀውን ደለል በጋሪ እናስወጣው» አለ። ማን ይከፍላል ሲባል ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ለዘመቻው ቲሸርት ማሳተም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የተከራከርነው በቀለሙ ብቻ ነው።